ልዩ ልዩ ቋንቋ ተናጋሪ ልጆች በአንድ ክፍል
ለአዲስ መምህርና ለትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪዎች የተዘጋጀ ትምህርት

መግቢያ



በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈውን የኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሰውየው ማንበብ ያውቃል፤ መጽሐፉ በእጁ ነው፤ ድምፁንም አሰምቶ ያነባል። ነገር ግን የሚያነበው አልገባውም። ፊልጶስ ቀርቦ ያስተውል እንደሆነ ሲጠይቀው፣ የሚመራው ሳይኖር እንዴት ሊያስተውል እንደሚችል በትሕትና መልሶ ጠየቀው። ፊልጶስም ከመንገድ ዳር ቆሞ አላስተማረውም። ወደ ሠረገላው ወጥቶ ከጎኑ ተቀመጠ፤ ትምህርቱንም የጀመረው ሰውየው ያነብበው ከነበረው ከዚያው ስፍራ ነው።

በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ በትምህርት ቤቶቻችን ይህ ታሪክ በሌላ መልክ ይደገማል። ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ያሉ ሕፃናት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይዘው፣ ከመምህሩ አፍ እየተቀበሉ፣ በአንድ ድምፅ ያነባሉ፤ ብዙዎቹ ግን የሚሉትን አያውቁትም። በዚህ ጽሑፍ አዲስ መምህር እንዲህ ያለውን ክፍል ሲረከብ እንዴት መዘጋጀት እንደሚገባው አብረን እንመለከታለን። እሑድ እሑድ ሕፃናትን ሰብስበው የሚያስተምሩ የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪዎችም ከዚህ የሚወስዱት አለ።

1. የክፍሉ መልክ

አገራችን ከ80 በላይ ቋንቋዎች የሚነገሩባት ምድር ናት። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ፣ እንግሊዝኛም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ ወሰነ። ከዚያ ወዲህ በትምህርቱ አሰጣጥ ላይ ብዙ ነገር ተሻሽሏል። ሆኖም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዛሬም የሚማሩት በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ በሕፃንነቱ ይህን ቋንቋ ሳይጨብጥ የቀረ ተማሪ በኋላ ሒሳቡም ሳይንሱም ይዘጋበታል።

በከተሞቻችን ደግሞ ነገሩ ከዚህም የበለጠ የተወሳሰበ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ቤቱ አማርኛ የሚነገርበት፣ ኦሮምኛ የሚነገርበት፣ ጉራጊኛ፣ ወላይትኛ፣ ሲዳምኛ ወይም ትግርኛ የሚነገርበት ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጣል። ለአንዱ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው ነው፤ ለሌላው ግን ገና አማርኛውን እየለመደ ሳለ የተጨመረበት ሦስተኛ ሸክም ነው። መምህሩ ለሁሉም እኩል ካስተማረ በቂ መስሎ ይታየዋል፤ ሁሉም ግን ከአንድ ስፍራ አልተነሡም።

2. ከራሳችን ስሕተት

ሌላውን ከመምከራችን በፊት የራሳችንን ጥፋት መናገር ይገባናል። በማስተማር ሥራ በተሰማራንበት በመጀመሪያው ዓመት የሁለተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ተሰጠን። ከተማሪዎቹ መካከል ከገጠር መጥቶ አክስቱ ዘንድ የተጠጋ አንድ ልጅ ነበር። የመጀመሪያውን ክፍል በኦሮምኛ ተምሯል። አንድ ቀን ተነሥቶ እንዲያነብ አዘዝነው። የቀረበለት ቃል በእንግሊዝኛ ድመት ማለት የሆነው «ካት» ነበር። ልጁ ፊደሎቹን በጥንቃቄ ተመልክቶ «ጨት» ብሎ አነበበ። ልጆቹ «ጫት» ያለ መስሏቸው በሳቅ አወኩ። እኛም አብረን ሳቅን።

ልጁ መጽሐፉን ዘግቶ ተቀመጠ። ከዚያ ቀን በኋላ ድምፁን አልሰማንም። ብንጠይቀው ዝም፣ ብንቆጣው ዝም አለ። በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ውጤቱ ላይም «ትምህርት አይገባውም» ብለን ጻፍን። ከገና በዓል በኋላ ቦታው ባዶ ሆነ፤ አክስቱም ወደ አገሩ መመለሱን ነገሩን።

ነገሩን ለሥራ ባልደረባችን ባጫወትናቸው ጊዜ ግን እንዲህ አሉን፦ «ልጁኮ ያነበበው በትክክል ነው። በሚያውቀው ፊደል አንብቦላችኋል።» በእርግጥም ኦሮምኛ በሚጻፍበት በቁቤ፣ እንግሊዝኛው «ሲ» የሚላት ፊደል «ጭ» ተብላ ትነበባለች። ልጁ ያልተማረውን አላነበበም፤ የተማረውን በታማኝነት ሠራበት። አንዲት ፊደል ባለማወቃችን ያላወቀው እርሱ ነው ብለን ፈረድንበት። ያ ባዶ ቦታ ዛሬም ከዐይናችን አልጠፋም፤ ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣንም እርሱ ነው።

3. ቤተ ክርስቲያን ከቀድሞ የምታውቀው መንገድ

ልጅን ከሚያውቀው ቋንቋ ተነሥቶ ማስተማር ትላንት የመጣ ፈሊጥ አይደለም። ቅዱስ ዮሐንስ ባፕቲስት ደ ላ ሳል (1651–1719 እ.ኤ.አ.) በፈረንሳይ አገር የድሆች ልጆችን ማስተማር በጀመሩ ጊዜ፣ ንባብ ከላቲን መጀመሩ የጸና ልማድ ነበር። እርሳቸው ግን ሕፃናቱ አፋቸውን በፈቱበት በፈረንሳይኛ ማንበብ እንዲጀምሩ አደረጉ። ምክንያታቸውም ግልጽ ነበር፤ የድሃ ልጅ በትምህርት ቤት የሚቆየው ጥቂት ጊዜ ስለሆነ፣ የማይገባውን ሲያነበንብ ዕድሜው ማለቅ የለበትም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛም በ1950 እ.ኤ.አ. የመምህራን ጠባቂ ብለው ሰየሟቸው።

በአገራችንም በ1839 እ.ኤ.አ. የመጡት ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ የሕዝቡን ቋንቋ ተምረው፣ በግዕዝ ሥርዓትም እየጸለዩ አገልግለዋል። ካርዲናል ማሳያም ለወንጌል መልእክተኞች መማሪያ የሚሆን የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው በ1867 እ.ኤ.አ. በፓሪስ አሳትመዋል። እነዚህ አባቶች ከማስተማራቸው በፊት ተማሩ። በጰራቅሊጦስ ዕለትም መንፈስ ቅዱስ ሕዝቡን ሁሉ ወደ አንድ ቋንቋ አልሰበሰበም፤ እያንዳንዱ በገዛ ቋንቋው እንዲሰማ አደረገ እንጂ።

4. አዲሱ መምህር ምን ያዘጋጅ?

ሀ. በመጀመሪያው ሳምንት ልጆቹን ማወቅ። መምህሩ ከስም መጥሪያው ጎን ሌላ መዝገብ ያዘጋጅ። በእያንዳንዱ ልጅ ስም ትይዩ፦ በቤት የሚነገረው ቋንቋ ምንድን ነው? ልጁ ማንበብ የጀመረው በየትኛው ፊደል ነው? በቤት መጽሐፍ የሚያነብለት ሰው አለ? ብሎ ይጻፍ። ስሙንም ወላጆቹ እንደሚጠሩት አድርጎ መጥራት ይልመድ። ይህ መዝገብ ለመምህሩ ብቻ ነው፤ ልጆችን በቋንቋ ለይቶ ለማስቀመጥ መዋል የለበትም።

ለ. ልጁ ይዞት የመጣውን ፊደል ማክበር። በቁቤ የተማረ ልጅ የላቲን ፊደል ቅርጽ ስለሚያውቅ በመጻፍ ይቀድማል፤ በድምፁ ግን ይሳሳታል። «ሲ»ን «ጭ»፣ «ኤክስ»ን «ጥ»፣ «ኪው»ን «ቅ» ብሎ ያነባል፤ ስለዚህም ሣጥን ማለት የሆነውን «ቦክስ» «ቦጥ» ይለዋል። በሲዳምኛና በወላይትኛ የተማሩትም በእነዚህ ፊደላት ላይ ተመሳሳይ ነገር ያጋጥማቸዋል። በግዕዝ ፊደል የጀመረው ልጅ ደግሞ አንዲት «ማ» በእንግሊዝኛ ሁለት ፊደል መፈለጓ ይገርመዋል፤ በሁለት ተነባቢ የሚጀምረውንም ቃል «እ» ጨምሮበት «እስኩል» ይላል። ምላስን በጥርስ መካከል አድርጎ የሚወጣው የእንግሊዝኛ ድምፅ በአማርኛም በኦሮምኛም ስለሌለ ለሁለቱም እኩል ይከብዳል። መምህሩ እነዚህን በትልቅ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጽፎ በግድግዳ ይስቀል፤ «ይህች ፊደል በኦሮምኛ እንዲህ ትባላለች፣ በእንግሊዝኛ እንዲህ» እያለ ያሳይ። ያን ጊዜ ስሕተት የነበረው ዕውቀት ይሆናል፤ የተሳቀበትም ልጅ ለጓደኞቹ አስተማሪ ይሆናል።

ሐ. እያንዳንዱን ትምህርት በሁለት ዓላማ ማቀድ። አንዱ ልጁ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ሌላው ያን የሚናገርበት ቃል ነው። ለምሳሌ ለሁለተኛ ክፍል የ40 ደቂቃ ትምህርት «ገበያ» በሚል ርዕስ እናዘጋጅ። የመጀመሪያው ዓላማ እስከ ዐሥር መቁጠር፣ ሁለተኛው «አይ ሃቭ ስሪ ባናናስ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ቁጥሩንና ስሙን እየለወጡ መናገር ይሁን።

በመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች መምህሩ ሙዝ፣ ብርቱካንና ሎሚ ወይም ከጭቃ የተሠራ አምሳያቸውን አሳይቶ፣ እያንዳንዱ ልጅ በቤቱ ምን ብሎ እንደሚጠራው ይጠይቅ። በኦሮምኛ «ሙዚ»፣ «ብርቱካና»፣ «ሎሚ» መባላቸውን ሲሰሙ ልጆቹ ቋንቋዎቻቸው ዘመዳሞች መሆናቸውን ያያሉ፤ የእንግሊዝኛው «ሌመን» እንኳ ከሎሚ ሩቅ እንዳልሆነ ያስተውላሉ። በሚቀጥሉት 10 ደቂቃዎች መምህሩ «ውሰድ፣ ስጥ፣ አስቀምጥ» የሚሉትን ትእዛዛት በእንግሊዝኛ እየተናገረ ራሱ ያድርጋቸው፤ ልጆቹም ሳይናገሩ በአካላቸው ይፈጽሙ። ይህን ዘዴ ጄምስ አሸር የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር በጽሑፍ አስፋፍተውታል፤ እኛ ግን በቅዳሴ እናውቀዋለን። ዲያቆኑ እንድንነሣ ሲያዝ፣ ግዕዝ የማያውቀው ሕፃን ከእናቱ ጋር ይነሣል፤ እንድንሰግድ ሲያዝ ይሰግዳል፤ ቃሉም ቀስ በቀስ በልቡ ትርጉም ያገኛል።

ከዚያም ለ15 ደቂቃ ሁለት ሁለት ሆነው ሻጭና ገዢ እየሆኑ ይገበያዩ፤ ለገንዘብ ጠጠር ወይም ቆርኪ ይበቃል። ክፍሉ 60 ልጆች ቢኖሩበትም በዚህ መንገድ ሠላሳ አፍ በአንድ ጊዜ ይናገራል። በመጨረሻዎቹ 10 ደቂቃዎች ሁሉም ይጻፉ፤ ሆኖም አንዱ ሥዕል ሥሎ ከሥሩ ቃሉን ይገልብጥ፣ ሌላው የጎደለውን ቃል ይሙላ፣ የበረታው ሁለት ዓረፍተ ነገር ራሱ ይጻፍ። ትምህርቱ አንድ ነው፤ መሰላሉ ግን ብዙ እርከን አለው።

መ. ዝምታንና ስሕተትን መታገሥ። አዲስ ቋንቋ የሚሰማ ልጅ ለወራት ሳይናገር ሊቆይ ይችላል፤ ዝም ያለው እየሰማ ነውና አንቸኩልበት። በአማርኛም በኦሮምኛም ግሥ በመጨረሻ ስለሚመጣ፣ ልጁ «አይ ቡክ ሃቭ» ቢል መምህሩ ሳይዘልፈው «የስ፣ ዩ ሃቭ ኤ ቡክ» ብሎ አስተካክሎ ይመልስለት። ሰዓት ሲማርም እንዲሁ ነው፤ በቤቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት የሚባለው በእንግሊዝኛው ስምንት መሆኑ ካልተነገረው፣ ልጁ በትክክል ቆጥሮ ሳለ ተሳሳተ ይባላል።

በካናዳ ያስተማሩት ምሁር ጂም ከሚንስ እንዳስረዱት፣ ስደተኛ ልጆች የዕለት ተዕለቱን ንግግር በሁለት ዓመት ገደማ ይለምዱታል፤ የመማሪያ መጽሐፍን ቋንቋ ግን ለመጨበጥ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጅባቸዋል። እነዚያ ልጆች እንግሊዝኛን በየመንገዱ የሚሰሙ ናቸው። የእኛዎቹ ግን በቀን አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ የሚሰሙት በመሆኑ፣ የበለጠ ትዕግሥት እንደሚያስፈልገን ግልጽ ነው።

ሠ. ፈተናን ከቋንቋ መለየት። ልጁ መደመር መቻሉን ለማወቅ ስንፈልግ በጠጠር ይደምር፤ በጣቱ ያሳይ፤ በገዛ ቋንቋውም ይመልስ። የእንግሊዝኛ ማነሱን የአእምሮ ማነስ አድርገን የምንጽፍ ከሆነ በሐሰት እንደ መሰከርን እንቁጠረው።

5. የወላጆችና የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪዎች ድርሻ

ብዙ ወላጆች ልጃቸው እንግሊዝኛ እንዲያውቅ ብለው በቤት የራሳቸውን ቋንቋ ይተዋሉ። በማይችሉት ቋንቋ ሁለትና ሦስት ቃል እየጣሉ ከልጃቸው ጋር ተረትም ምክርም ሳያወሩ ይቀራሉ። ይህ ልጁን ይጎዳዋል። በአፍ መፍቻው በደንብ ያሰበ፣ ተረት የሰማና የጠየቀ ልጅ ሌላውን ቋንቋ የሚያሳርፍበት መሠረት አለው። መምህሩ በመጀመሪያው የወላጆች ስብሰባ ይህን በግልጽ ሊነግራቸው ይገባል።

የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪዎችም ሕፃናት ጸሎትን በቃላቸው መያዛቸውን ብቻ ሳይሆን የሚሉትን ማስተዋላቸውን ይመርምሩ። አቡነ ዘበሰማያትን ልጁ እናቱ በምትናገረው ቋንቋ እንዲጸልይ እንጠይቀው፤ ሌሎቹም ጸጥ ብለው ይስሙት። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ እንደሚባለው፣ እኛም ልጁን የምንቀበለው ከነቋንቋው ነው።

ማጠቃለያ

ፊልጶስ ያንን መንገደኛ ከጎኑ ተቀምጦ ባያስረዳው ኖሮ ሰውየው ያልገባውን መጽሐፍ እንደያዘ ወደ አገሩ በተመለሰ ነበር። አሁን ግን ደስ እያለው መንገዱን ሄደ። ከእኛ ክፍል የወጣው ያ ሕፃን በእጁ መጽሐፍም በልቡም ደስታ አልነበረም። ስለ እርሱ ማድረግ የምንችለው ነገር ባይኖርም፣ በዚህ ዓመት በፊታችን ስለሚቀመጡት ግን ብዙ ልናደርግ እንችላለን።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በቁምስናችን ትምህርት ቤት ወይም በእሑድ ትምህርት ቤት ያሉ ሕፃናት በቤታቸው ስንት ቋንቋ ይናገራሉ? ቆጥረን እናውቃለን?
2. ዝም በማለቱ ብቻ ሰነፍ ነው ያልነው ልጅ አለ? እንዴት ልንቀርበው እንችላለን?
3. ከቁምስናችን ምዕመናን መካከል የልጆቹን ቋንቋ የሚያውቁና አዲስ መምህራንን ሊረዱ የሚችሉ እነማን ናቸው?

ሁሉን በየቋንቋው የሚሰማ አምላክ መምህራኖቻችንን ያበርታ፤ ሕፃናቱንም በጥበብና በጸጋ ያሳድግልን። አሜን።