ውሻና በግ በአንድ ደጅ

በጎች ያሉት ሰው ቀኑን የሚጀምረው በእነርሱ ድምፅ ነው። በመንዝ ደጋ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ቀዝቃዛ አገር፣ በጥቂት ጥማድ የገብስ እርሻና ከሃያ በማይበልጡ በጎች የምንተዳደር እኛ፣ ዶሮ ከጮኸ በኋላ ከሁሉ አስቀድሞ የምንሰማው የእናትና የግልገል መጠራራት ነው። ውርጩ በሣሩ ላይ እንደ ጨው ተነስንሶ ሳለ የጋጣውን በር ስንከፍት፣ በደጃፉ ተጠቅልሎ ያደረው ውሻ ይነሣል፤ ጀርባውን ይዘረጋል፤ ጭራውን አንድ ጊዜ ይወዘውዝና በጎቹ እስኪያልፉ ድረስ ከመንገዱ ፈቀቅ ይላል። በጎቹም አይፈሩትም። ይህን በየማለዳው ስለምናየው አስደናቂ ነገር መሆኑን ረስተነዋል፤ የአውሬ ወገን የሆነው እንስሳ አውሬ የሚበላውን እንስሳ ሲጠብቅ ያድራልና።

ስለ በግ ብዙ ጊዜ ተጽፏል፤ ተሰብኳልም። ስለ ውሻ ግን የምንናገረው አብዛኛውን ጊዜ ለስድብ ስንፈልገው ብቻ ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን እንስሶች አንድ ላይ አድርገን ልናያቸው ፈቅደናል፤ ይኸውም በአንድ ደጅ ስለሚኖሩ ብቻ ሳይሆን፣ ለውሻው የምንነፍገው ነገር ዞሮ በበጉ ላይ፣ ከዚያም አልፎ በልጆቻችን ላይ እንደሚደርስ በገዛ ቤታችን ስላየነው ነው።

የመንዝ በግ ትልቅ አይደለም። ቁመቱ አጭር፣ ላቱ ሰፋ ብሎ ጫፉ ወደ ላይ የታጠፈ፣ ጠጉሩ ሻካራ ነው፤ መልኩም ጥቁር ወይም ቡናማ የሆነው ይበዛል። እንግዳ ሰው ሲያየው ይንቀው ይሆናል። ነገር ግን ብርዱንና የመኖውን ማነስ እንደ እርሱ የሚታገሥ በቀላሉ አይገኝም። ጠጉሩ ተሸልቶ በሴቶች እጅ ይፈተላል፤ ሸማኔ ሠርቶትም ባና ይሆናል፤ የደጋ ሰው ሌሊቱን የሚያልፈው በዚያ ነው። እናቲቱ 150 ቀን ያህል አርግዛ ትወልዳለች። ግልገሉ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች እንገሩን ካልጠባ ኃይል ስለማያገኝ፣ በወሊድ ሌሊት ኩራዝ ይዞ በጋጣ ውስጥ መቀመጥ የተለመደ ሥራችን ነው። እናቲቱ ገና እየላሰችው ሳለ ጠረኑን ትይዛለች፤ ከዚያ ወዲያ የሌላይቱን ልጅ ወደ ጡቷ አታስጠጋም። እናቱ የሞተችበትን ግልገል ለሌላ እናት ለማስጠባት የሞከረ ሰው ይህን በሚገባ ያውቃል።

በግ ሞኝ ነው የሚለው ንግግርም እውነትነቱ ጥቂት ነው። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ አጠገብ ይሠሩ የነበሩ ሊቃውንት እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ በጎች የ50 ሌሎች በጎችን ፊት ለይተው ከሁለት ዓመት በላይ ማስታወስ እንደሚችሉ አስረድተዋል። እኛ ይህን ከማንበባችን በፊት ከወንድማችን ልጅ ጋር ሲውሉ አይተነው ነበር። ልጁ ጧት ትምህርት ቤት ስለሚሄድ በጎቹን እስከ ቀትር የምትጠብቃቸው አያቱ ናት፤ ከቀትር በኋላ እርሱ ይረከባታል። ገና ከሩቅ ሲመጣ ከሣሩ ላይ ቀና ብለው ያዩታል። ሌላ ልጅ በእርሱ ድምፅ አስመስሎ ቢጠራቸው ግን ቀና ይሉና ተመልሰው ይግጣሉ።

ውሻው ከልጁ ጋር ይውላል። በእንግሊዝና በስኮትላንድ ወሰን ያሉ እረኞች ውሻቸውን በፉጨት እያዘዙ መንጋውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም ያስነዱታል። የቱርክ አገር የአናቶልያ እረኞች ደግሞ ቡችላውን ከልጅነቱ ጀምረው በበጎች መካከል ያሳድጉታል፤ ስለዚህ ካደገ በኋላ በጎቹን እንደ ገዛ ወገኖቹ ቆጥሮ ከተኩላ ይጠብቃቸዋል እንጂ አይነዳቸውም። የእኛ አገር ውሻ ለሁለተኛው ይቀርባል፤ ልዩነቱ ማንም አስቦ ያሳደገው አለመሆኑ ነው። ከጎረቤት በልመና መጥቶ፣ በደጅ ተጥሎ፣ ሥራውን ራሱ አይቶ የተማረ ነው። ቀን ቀበሮ ሲያንዣብብ ይጮኻል፤ ሌሊት ጅብ ሲመጣ የቤቱ ሰው እስኪነቃ ድረስ በጋጣውና በጅቡ መካከል ይቆማል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው ያን ሌሊት በእንቅልፍ ያሳለፈ ሳይሆን አይቀርም ብለን እናስባለን።

ለዚህ አገልግሎት ደመወዙ ምንድን ነው? ከገበታ የተረፈ የቂጣ ፍርፋሪ፣ አንዳንድ ጊዜም አጓት ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ የቤቱ ሰው ለ55 ቀን ከሥጋና ከወተት ሲከለከል፣ ውሻውም ሳይጠየቅ አብሮ ይጾማል፤ በሰሙነ ሕማማት የጎድን አጥንቱ ይቈጠራል። መጻሕፍት ግን ውሻን ፈጽመው አልናቁትም። ኢዮብ በመንጋው ዘንድ ውሾች እንደ ነበሩት ተጽፏል። ጦብያ ከመልአኩ ጋር ሩቅ አገር ሲሄድ ውሻው ተከትሎታል። ባለጠጋው በደጁ የወደቀውን አልዓዛርን ሳያየው ሲቀር፣ ወደ ቍስለኛው የቀረቡት ውሾች ነበሩ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለፋሲካ በግ አርደን፣ እንደ ልማዳችን የማይበላውን ሁሉ፣ ጭንቅላቱንም ጭምር፣ ለውሻው ወረወርንለት። ውሻው መከታ ይባል ነበር። ከሁለት ወር የረሃብ ጾም በኋላ ስለ ነበረ ሲበላ ማየቱ ራሱ ደስ ያሰኝ ነበር፤ ቸርነት ያደረግንለትም መስሎን ነበር። በሚቀጥለው ኅዳር ከሴት በጎቻችን አንዲቱ ራሷን ወደ አንድ ወገን አዘንብላ መዞር ጀመረች። ሌሎቹ ወደ መስክ ሲወጡ እርስዋ በአንድ ቦታ ትሽከረከራለች፤ ወደ ግድግዳ ሄዳም ግንባሯን አስደግፋ ትቆማለች። የአገራችን ሰው ይህን በሽታ አዙሪት ይለዋል። አንዳንዱ የዓይነ ጥላ፣ ሌላውም የክፉ ሣር ሥራ ነው አለን። ታርዳ ራሷ ሲከፈት ግን በአንጎሏ ላይ ውኃ የሞላበት ከረጢት ተገኘ፤ በከረጢቱም ውስጥ እንደ ሩዝ ፍሬ ያሉ ነጫጭ ነገሮች ነበሩ።

የእንስሳት ሐኪሙ እንዳስረዳን፣ ሰው ጥሬ የከብት ሥጋ በልቶ ኮሶ እንደሚይዘው ሁሉ፣ ውሻም የታመመውን በግ ጭንቅላት በልቶ የራሱን ዓይነት ኮሶ ያበቅላል። ትሉ በውሻው አንጀት ያድጋል፤ እንቁላሉ ከፋንድያው ጋር በመስክ ይበተናል፤ በጓ ከሣሩ ጋር ትበላዋለች፤ ከዚያም በደሟ ተጉዞ ወደ አንጎሏ ይወጣል። ስለዚህ አዙሪት የያዛትን በግ አርደን ጭንቅላቷን ለውሻ ብንጥል፣ በሽታውን በገዛ እጃችን ለሚቀጥለው ዓመት መዝራታችን ነው። እኛ ለምን ያህል ዓመት እንደ ዘራነው እግዚአብሔር ያውቃል።

ሌላም የሚከፋ አለ። በጉበትና በሳንባ ላይ የሚገኘው፣ አራጆች አይተው የሚጥሉት ባለ ውኃ ከረጢት፣ ርዝመቱ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ከሚያንስ የውሻ ትል የሚመጣ ነው። የዚህ ትል እንቁላል በውሻው ጠጉር ላይ ይጣበቃል፤ ሕፃን ውሻውን ዳስሶ እጁን ሳይታጠብ እንጀራ ቢበላ ወደ ሆዱ ይገባል። ከዚያም በሰው ጉበት ውስጥ ለብዙ ዓመት ቀስ እያለ የሚያድግ ከረጢት ይሆናል፤ ባለቤቱ የሚያውቀው ሆዱ ሲያብጥ ወይም ሕመሙ ሲጸና ነው። ለሁሉም ማሰናከያው አንድ ነው፤ ጥሬውን ጉበት፣ ሳንባና ጭንቅላት ለውሻ አለመስጠት፣ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ መቅበር። ለውሻው ለመስጠት የፈለገ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቀቅለው። ትሉ በውሻው አንጀት አድጎ እንቁላል እስኪጥል ስድስት ሳምንት ያህል ስለሚፈጅበት፣ ፕራዚኳንቴል የተባለውን ክኒን ሐኪሙ በሚያዝዘው ጊዜ እየመላለሱ ማዋጥም ይገባል። እኛም ከጋጣው በታች ጉድጓድ ቆፍረን በጠፍጣፋ ድንጋይ ከደንነው። ጉድጓዱን ስንቆፍር ጎረቤቶቻችን ለውሻ ሥጋ የሚቀብር ሰው አየን ብለው ሳቁብን።

ሁለተኛው ነገር የደረሰብን እዚያው ደጅ ነው። አንድ ማታ አያቲቱ የልጁን እግር ስታጥብ ከቍርጭምጭሚቱ በላይ የጥርስ ምልክት አየች። ምንድን ነው ብትለው እሾህ ነው አላት። ቍስሉ ሁለት ረድፍ ስለ ነበረ አላመነችውም። ደጋግማ ስትጠይቀው አለቀሰና፣ «እምዬ፣ መከታን እንዳይገድሉት ብዬ ነው» አለ። የነከሰው ከሦስት ቀን በፊት ነበር። ልጁም ከዚያ ወዲህ የእራቱን እኩሌታ እየሰወረ ይወስድለት ነበር፤ ውሻው ግን አልበላለትም። ያን ጊዜ ያየነው ሁሉ ትርጉም አገኘ። ውሻው እንጨት ይነክስ ነበር፤ ድምፁ ጎርንኖ ነበር፤ ምራቁ ሲዝረበረብ አጥንት አንቆት ነው ብለን ንቀን ነበር። ክትባት አላስከተብነውም ነበር፤ ክትባት ለከተማ ውሻ ነው ባዮች ነበርንና።

ቍስሉን በዚያው ሌሊት በሳሙናና ከማሰሮ በሚወርድ ውኃ ሩብ ሰዓት ያህል አጠብነው። ይህ በተነከሱበት ቅጽበት ቢሆን ይበልጥ ይጠቅማል፤ ቢዘገይም ግን አይተውም። ከጎረቤት አንዱ ልጁ ደኅና ስለ ሆነ ጥቂት ቀን እንይ አለ። ሌላው ሥር የሚያውቅ ሰው ጠቆመን። ጠበል ይጠመቅ ያሉትን አልነቀፍንም፤ ነገር ግን የሲራክ መጽሐፍ ሐኪምንም መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ስለሚያስተምር፣ ጸሎቱ በመንገድ ላይ ይሁን ብለን ሲነጋ ልጁን በበቅሎ አስቀምጠን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድነው፤ መንገዱ አራት ሰዓት ያስኬዳል። የዚህ በሽታ ክፋቱ መዘግየቱ ነውና። መርዙ ከቍስሉ ተነሥቶ በጅማት መንገድ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ወር፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ ሁሉ ሰውየው ደኅና ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን የሚድን የለም ለማለት ጥቂት ይቀራል። «ጥቂት ቀን እንይ» የሚለው ምክር ሰውን የሚገድለው ስለዚህ ነው።

ሉዊ ፓስተር የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1885 ውሻ የነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ በክትባት ካዳነ ወዲህ፣ ይህ ሞት ሊቀር የሚችል ሞት ሆኗል። ሆኖም ዛሬም በዓለም ላይ በየዓመቱ በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች በእርሱ ያልቃሉ፤ ከእነዚህም ውስጥ 99 በመቶ ያህሉ በሽታውን ያገኙት ከውሻ ነው። ሊቃውንቱ እንደሚሉት በአንድ አገር ካሉት ውሾች 70 በመቶው ቢከተቡ በሽታው መተላለፊያ አጥቶ ይቆማል።

መከታ በገመድ ታስሮ በተነከሰው ልጅ አምስተኛ ቀን ሞተ። ማንም በባዶ እጁ ሳይነካው ቀበርነው። ልጁ መርፌውን በተቀጠረለት ቀን ሁሉ እየተመላለሰ ፈጸመ፤ በእያንዳንዱ ጕዞ በቅሎዋን የጎረቤቶቻችን ልጆች ተራ ገብተው ይስቧት ነበር።

ነገሩ ከሰውም ያልፋል። በመንዝ ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ በሥርዐት የጠበቀው የጓሳ መስክ አለ፤ በዚያ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ ምድር የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ይኖራል። የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱት በአገሪቱ ሁሉ ከ500 አይበልጡም። በባሌ ተራሮች እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ2003 ከእረኞች ውሾች በተላለፈ የእብደት በሽታ፣ በወይብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛው ያህል አልቀዋል። ቀይ ቀበሮ የሚመገበው አብዛኛውን ጊዜ አይጥና ፍልፈል ሆኖ ሳለ፣ በግ በላ እየተባለ ይወቀሳል፤ እኛ ደግሞ ያልተከተበ ውሻችንን አስከትለን ወደ ግጦሹ እንሄዳለን።

ልጁ ለብዙ ጊዜ ሌላ ውሻ አይምጣ ብሎ ነበር። በጋጣው ደጃፍ ማንም ሳይተኛ የታለፈ ክረምት ግን ሁለት ጠቦት አስከፈለን። አሁን ቡችላ አለን፤ ስም ያወጣለት ልጁ ነው፤ ለማንም ገና አልነገረም። ሦስት ወር ስለ ሞላው ባለፈው ቅዳሜ በገመድ አድርጎ ወደ ክትባቱ ወስዶት ተመለሰ፤ የተሰጠውንም ወረቀት ከትምህርት ቤት ደብተሩ ውስጥ አስቀመጠ። ማታ ቡችላውን ከጋጣው ሲያስገባው አሮጊቷ በግ የፊት እግሯን መሬት መትታ አስፈራራችው። እርሱም በልጁ እግር መካከል ተሸሸገ፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ከግልገሎቹ አጠገብ ገለባው ላይ ተጋደመ።