ለጋራ ኦንቶሎጂ የሜታዳታ መዝገብ አስፈላጊነት፦ የትውልድ ቀን እንደ ማሳያ

መግቢያ

ኦንቶሎጂ የአንድን የሙያ ዘርፍ ጽንሰ ሐሳቦችና በመካከላቸው ያለውን ዝምድና ኮምፒዩተር ሊያነበው በሚችል መልክ የሚገልጽ ሥርዓት ነው። ተቋማት አንድ ኦንቶሎጂ በጋራ ከተጠቀሙ መረጃቸው ይናበባል ተብሎ ይታሰባል። ይሁን እንጂ መረጃው በምን መልክ እንደተጻፈ፣ ትርጉሙን ማን እንዳጸደቀውና መቼ እንደተለወጠ ካልታወቀ ጋራነቱ የስም ብቻ ሆኖ ይቀራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሜታዳታ መዝገብ ይህን ክፍተት እንዴት እንደሚሞላ ማሳየት ነው።

አንድ ጽንሰ ሐሳብ፣ ሁለት አጻጻፍ

አይኤስኦ/አይኢሲ 11179 የተባለው ዓለም አቀፍ የሜታዳታ መዝገብ ደረጃ በእያንዳንዱ የመረጃ አሃድ ውስጥ ጽንሰ ሐሳቡን ከእሴት ክልሉ ለይቶ ይመዘግባል። ጽንሰ ሐሳቡ የነገር ምድብና የባሕርይ ጥምረት ነው፤ ለምሳሌ «ታካሚ» እና «የትውልድ ቀን»። የእሴት ክልሉ ደግሞ የተፈቀዱትን እሴቶችና አጻጻፋቸውን ይወስናል።

ሁለት የጤና ተቋማት መረጃቸውን ሊያዋህዱ ፈለጉ እንበል። አንደኛው የትውልድ ቀንን በኢትዮጵያ፣ ሌላው በጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር ይመዘግባል። በኦንቶሎጂው ዘንድ ጽንሰ ሐሳቡ አንድ ስለሆነ ውህደቱ ያለ እንከን የተፈጸመ ይመስላል። ሁለቱ አቆጣጠሮች ግን እንደ ወሩ በ7 ወይም በ8 ዓመት ይለያያሉ። ስለዚህ በጥር ወር የተወለደ የ10 ዓመት ሕፃን በተዋሐደው መረጃ የ18 ዓመት ወጣት ሊሆን፣ የመድኃኒት መጠኑም በዚያው ስሌት ሊታዘዝለት ይችላል። በጳጉሜን የተወለደው ደግሞ 12 ወር ብቻ በሚያውቅ ሥርዓት ጨርሶ ተቀባይነት አያገኝም። ሁለቱ የእሴት ክልሎች ከነመለወጫ ደንባቸው በመዝገብ ቢሰፍሩ ልዩነቱ ከውህደቱ በፊት ይታወቃል።

ለውጥን መመዝገብ

ሁለተኛው ችግር ጊዜ የሚያመጣው ለውጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የፍራፍሬ ዝንብን፣ የእርሾንና የአይጥን የዘረመል መረጃ የሚያደራጁ ተመራማሪዎች የጀመሩት ጂን ኦንቶሎጂ ለዚህ ጥሩ አብነት ነው። በዚያ ሥርዓት አንድ ቃል ከአገልግሎት ሲወጣ መለያ ቁጥሩ ለሌላ ቃል አይሰጥም፤ መውጣቱ ይገለጻል፤ ተተኪ ካለውም ይጠቆማል። በመሆኑም በቀድሞው ቁጥር የተሠራ ጥናት ዛሬም ትርጉሙን አያጣም።

አይኤስኦ/አይኢሲ 11179 ተመሳሳይ ሐሳብን በአስተዳደር መልክ ያቀርባል። አንድ የመረጃ አሃድ «ያልተሟላ» ከሚባለው ደረጃ ተነሥቶ እስከ «መደበኛ» ሊደርስ፣ በኋላም «የተተካ» ሊባል ይችላል። አቅራቢው፣ ባለአደራውና መዝጋቢው አካልም ተለይተው ይታወቃሉ። ስለዚህ ትርጉም ሲያከራክር ጥያቄው ለማን እንደሚቀርብ ግልጽ ነው።

ማጠቃለያ

ኦንቶሎጂ አንድ ነገር ምን ማለት እንደሆነ ይነግረናል፤ መዝገቡ ደግሞ ይህን ማን፣ መቼና በምን ሥልጣን እንደወሰነ ያስረዳል። እርግጥ መዝገብ በራሱ ስምምነትን አይፈጥርም፤ ባለአደራ የሌለው መዝገብ ውሎ አድሮ የተደጋገሙ ፍቺዎች ክምችት ይሆናል። ስለሆነም በዘርፉ የመመረቂያ ጥናት የሚሠሩ ተማሪዎች አዲስ ጽንሰ ሐሳብ ከመቅረጻቸው በፊት ነባሩን በመዝገብ ቢፈልጉ፣ አዲስ ሲፈጥሩም የእሴት ክልሉንና ባለአደራውን አብረው ቢያሰፍሩ ሥራቸው ከምረቃ በኋላም ለሌሎች ይጠቅማል።