መምህሩም የማያውቀው መልስ

የአንደኛ ዓመት ተማሪ ላብ ገብቶ የሚሠራው ሙከራ አብዛኛውን ጊዜ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ነው። መምህሩ ያውቀዋል፣ ማንዋሉ ላይ ሰፍሯል፣ አምና የተማረው ጓደኛውም ሪፖርቱን አስቀምጦለታል። የጠበቁት ነገር ካልመጣ “ተሳስተሃል” ይባላል እንጂ “ታዲያ ምን አገኘህ?” የሚል የለም። ስንቱ ጎበዝ ልጅ ነው በዚህ ተሰላችቶ “ሳይንስ የእኔ ነገር አይደለም” እያለ የሚወጣው! ከእነዚህ አንዱ ወይም አንዷ ከሆናችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ዛሬ ስለ አንዲት ፕሮፌሰር ላጫውታችሁ።

ጆ ሃንደልስማን በአሜሪካ የዊስኮንሲን–ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ የማይክሮባዮሎጂ ሊቅ ናቸው። አንድ ግራም አፈር እስከ ቢሊዮን የሚደርስ ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል፤ አብዛኛው ግን ላብ ውስጥ እምቢ ብሎ አያድግም። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ዲኤንኤውን በቀጥታ ከአፈሩ አውጥተው ማጥናት ያዙ፤ ሜታጂኖሚክስ የሚለውን የዘርፉን ስምም እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጡት እነሱ ናቸው። በኋላም በፕሬዚዳንት ኦባማ ዘመን በዋይት ሃውስ የሳይንስ ጽሕፈት ቤት በኃላፊነት ሠርተዋል።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ገና ኮሌጅ ለገቡ ልጆች ያደረጉት ነው። በ2012 በዬል ዩኒቨርሲቲ ሳሉ አዲስ ዓይነት ኮርስ ጀመሩ። ያው ሐሳብ ከ2018 ጀምሮ ታይኒ ኧርዝ በሚባል መርሐ ግብር በብዙ አገሮች ይሰጣል። ተማሪው ከጓሮው፣ ከእርሻ ወይም ከወንዝ ዳር ደስ ካለው ቦታ አፈር ይዞ ይመጣል። በንጹሕ ውሃ ያቀጥነዋል፣ ለባክቴሪያ የሚሆን ምግብ በተዘጋጀበት ሳህን ላይ ይቀባዋል። ከቀናት በኋላ ነጭ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማ ነጠብጣቦች ብቅ ይላሉ። አንድ በአንድ እየለየ፣ ለጤና የማያሰጋ ሌላ ባክቴሪያ በተዘራበት ሳህን ላይ ያሳርፋቸዋል። ከመካከላቸው አንዱ ሌላውን የሚገታ ንጥረ ነገር፣ ማለትም አንቲባዮቲክ፣ የሚያመነጭ ከሆነ በዙሪያው ጥርት ያለ ክብ ይታያል። እዚያ ክብ ውስጥ ምንም አላደገም ማለት ነው። ንጥረ ነገሩ አዲስ ይሁን አይሁን መምህሩም አያውቅም! ተማሪው በዓለም ማንም ያልመለሰውን ጥያቄ ይዞ ቆሟል።

ጥያቄውም የጨዋታ አይደለም። መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በ2019 ብቻ በዓለም ዙሪያ በቀጥታ ለ1.27 ሚሊዮን ሰዎች ሞት ምክንያት እንደሆኑ ተገምቷል። ብዙ የመድኃኒት ኩባንያዎች ደግሞ ትርፉ አነስተኛ ነው ብለው አዲስ አንቲባዮቲክ ፍለጋውን ትተውታል። ድሮም ቢሆን አፈር ለጋስ ነበር። የሳንባ ነቀርሳን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈው ስትሬፕቶማይሲን በ1943 የተገኘው ከአፈር ባክቴሪያ ነው። በእጁ ለይቶ ያወጣውም አልበርት ሻትዝ የሚባል፣ በፕሮፌሰር ሴልማን ዋክስማን ላብ የሚሠራ የ23 ዓመት ተማሪ ነበር። አዎ፣ ተማሪ!

የሃንደልስማን ሐሳብ ትልቅነቱ ለእኔ እዚህ ላይ ነው። ምርምር ላይ መሳተፍ በተለምዶ ለተመረጡ ጥቂቶች የሚሰጥ ዕድል ነው፤ ውጤታቸው ለላቀ፣ ያለ ክፍያ ለመሥራት አቅሙ ላላቸው። ሌሊት ሥራ አድሮ ጠዋት ክፍል የሚገባ፣ ከቤተሰቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮሌጅ የረገጠ ልጅ የፕሮፌሰር ቢሮ ማንኳኳት እንደሚቻል እንኳ የሚነግረው የለም። ምርምሩ መደበኛ ኮርስ ሲሆን ግን የተመዘገበ ሁሉ ተመራማሪ ነው። ኮርሱ በታዋቂ ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ሳይሆን የደሃ ልጆች በብዛት በሚማሩባቸው የሁለት ዓመት ኮሌጆችም ይሰጣል። ሃንደልስማን በጋራ የመሩት ቡድን በ2012 ለፕሬዚዳንቱ ባቀረበው ሪፖርት፣ በአሜሪካ ሳይንስና ምህንድስና እማራለሁ ብለው ኮሌጅ ከገቡት የሚጨርሱት ከ40 በመቶ በታች መሆናቸውን ገልጾ፣ የተለመደው ላብ እንዲህ ባለ የምርምር ኮርስ ይተካ ብሏል።

በዚያው ዓመት እሳቸው የተሳተፉበት አንድ ጥናትም ወጣ። አንድ ዓይነት የሥራ ማመልከቻ ለ127 የሳይንስ ፕሮፌሰሮች ተሰጠ፤ ልዩነቱ አንዱ ላይ ጆን፣ ሌላው ላይ ጄኒፈር መባሉ ብቻ ነው። ለጆን በአማካይ 30,238 ዶላር የዓመት ደመወዝ ሲታሰብለት ለጄኒፈር 26,508 ታሰበላት። ሴቶቹ ፕሮፌሰሮችም ከወንዶቹ አልተሻሉም። ስለዚህ እህቴ፣ ዝቅ አድርጎ የገመተሽ ሰው ካለ ችሎታሽን ከመጠራጠርሽ በፊት ግምቱን ጠርጥሪ። ማመልከቻሽንም በድጋሚ አስገቢ!

መምህራን፣ በሚቀጥለው ሴሚስተር ከላብ ሙከራዎቻችሁ አንዱን ብቻ አንሡና እናንተም መልሱን በማታውቁት ጥያቄ ተኩት። ተማሪዎች ደግሞ በዚህ ሳምንት የአንድ መምህራችሁን ቢሮ አንኳኩ። ባክቴሪያ ያለ መምህር ቤት ውስጥ አይሞከርም፤ ስለዚህ “እስካሁን ያልተመለሰ ምን ጥያቄ አለ? አብሬዎት ልሥራ” በሏቸው።