የታክስ ረቂቅ አዋጅ ሲቀርብ፦ ከመደገፍዎም ከመቃወምዎም በፊት ማወቅ ያለብዎ

የታክስ ረቂቅ አዋጅ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በቀረበ ቁጥር ሁሉም የሚጠይቀው “ስንት በመቶ ሆነ?” ብሎ ነው። ኪስ የሚነካው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ አንቀጽ ነው። አቋም ከመያዝዎ በፊት የሚከተሉትን ያጣሩ።

1. በራስዎ ደመወዝ አስልተውታል?
በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ከግብር ነፃ የነበረው የወር ደመወዝ 600 ብር ነበር። ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ወደ 2,000 ብር ከፍ አደረገው። ከፍተኛው ምጣኔ 35 በመቶ እንደሆነ ቢቆይም የሚጀምርበት ደመወዝ ከ10,900 ወደ 14,000 ብር አደገ። የወር ደመወዛቸው 10,000 ብር የሆነ ሠራተኛ ቀድሞ 2,045 ብር ግብር ይቆረጥባቸው ነበር፤ በማሻሻያው 1,650 ብር ሆነ። 395 ብር ተረፋቸው ማለት ነው። ከ14,000 ብር በላይ ለሚያገኝ ሁሉ ግን፣ ደመወዙ 15,000ም ይሁን 100,000 ብር፣ የቀነሰለት እኩል 550 ብር ነው።
ኑሮ ሲወደድ ደመወዝ ቢጨመርም፣ ከግብር ነፃ የሆነው መነሻ ባለበት ከቆየ ጭማሪውን ግብር ይበላዋል። ስለዚህ መነሻው በየጊዜው እንዲከለስ የሚያስገድድ አንቀጽ መኖሩን ይመልከቱ።

2. ምጣኔው ሳይነካ የታክሱ ወሰን ሰፍቷል?
የተጨማሪ እሴት ታክስ ከ1995 ጀምሮ 15 በመቶ ነው። አዋጅ ቁጥር 1341/2016ም ምጣኔውን አልነካውም፤ የለወጠው ከታክስ ነፃ የሆኑትን ዕቃዎችና አገልግሎቶች ዝርዝር ነው። መብራትና ውሃ ከተወሰነ የቤት ፍጆታ በላይ ታክስ የሚከፈልባቸው በዚህ ምክንያት ነው። አሮጌውንና አዲሱን ዝርዝር ጎን ለጎን አድርገው ያንብቡ።

3. ነጋዴ ከሆኑ፣ ግብሩ የሚሰላው ከትርፍ ነው ወይስ ከሽያጭ?
የ2017ቱ ማሻሻያ ከዓመታዊ ሽያጭ 2.5 በመቶ የሆነ ዝቅተኛ ግብር አስገብቷል። በዓመት 10 ሚሊዮን ብር ሸጦ 300,000 ብር ያተረፈ ኩባንያ በ30 በመቶ ምጣኔ የሚደርስበት 90,000 ብር ነበር፤ በሽያጭ ሲሰላ ግን 250,000 ብር ይሆናል። በትንሽ ትርፍ ብዙ ለሚሸጥ ነጋዴ ከባድ ሸክም ነው።

4. ማበረታቻው ለማን ነው? እስከ መቼስ?
የግብር እፎይታ የሚሰጠው እንደ ዘርፉና ኢንቨስትመንቱ እንደሚካሄድበት ቦታ ነው። ለአንዱ የተተወውን ገቢ ሌላው ግብር ከፋይ ይሸፍነዋል። ስለዚህ ማብቂያ ጊዜ፣ በምላሹ የሚጠበቅ ግዴታ (የሥራ ዕድል፣ የውጭ ምንዛሪ) እና የቀረውን ገቢ ለሕዝብ የማሳወቅ ድንጋጌ ይፈልጉ። እነዚህ የሌሉት ማበረታቻ ድጋፍ አይገባውም።

5. ለመመሪያ የተተወው ምንድን ነው?
“ዝርዝሩ በመመሪያ ይወሰናል” የሚል ሐረግ ባዩበት ቦታ ሁሉ ያስምሩበት። መመሪያ በምክር ቤቱ ድምፅ የሚጸድቅ ሕግ አይደለም። ጣሪያውና ነፃ የሚሆነው መጠን በአዋጁ ውስጥ ራሱ እንዲጻፍ መጠየቅ መብትዎ ነው።

6. ገንዘቡ ወዴት ይገባል?
የታክስ ሕግ ገንዘብ ይሰበስባል፤ ትምህርት ቤቱን፣ ጤና ጣቢያውንና መንገዱን የሚወስነው ግን ሐምሌ 1 ሥራ ላይ የሚውለው በጀት ነው። “ለአገልግሎት ማሻሻያ ነው” ከተባሉ በበጀቱ ላይ መስመሩን እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። ማንን እንደሚጠይቁም ይለዩ፤ የንብረት ታክስን የሚሰበስቡት ከተሞች ስለሆኑ መልሱን ማግኘት ያለብዎ ከከተማዎ አስተዳደር ነው።

ረቂቁ ለቋሚ ኮሚቴ ከተመራ በኋላ የሕዝብ አስተያየት የሚሰማበት መድረክ ይዘጋጃል። “ታክሱ በዛ” ብቻ ብሎ የተናገረ ሰው ሐሳቡ በቃለ ጉባኤ ሰፍሮ ይቀራል። የአንቀጹን ቁጥር ጠርተው፣ በራስዎ ደመወዝ ወይም ሽያጭ ያሰሉትን ይዘው፣ እንዲተካ የሚፈልጉትን ቃል ጽፈው ይቅረቡ። ከጸደቀ በኋላ ከሚያሰሙት ቅሬታ ይልቅ፣ ከመጽደቁ በፊት የሚያቀርቡት አንድ ገጽ ይሻላል።