ውሮ ምን ሆና ነው? (ለታናናሾቻችን ስለ አእምሮ ጤና በተረት መንገር)

የዛሬው የጤና አምዳችን ስለ አእምሮ ጤና ነው።

ብዙዎቻችን ይህን ቃል ስንሰማ ቶሎ የሚመጣልን አማኑኤል ነው። ስንጣላ እንኳን «አንተማ አማኑኤል ነው የምትገባው!» እንባባላለን። አማኑኤል ግን ስድብ አይደለም፣ የታመመ ሰው የሚታከምበት ሆስፒታል ነው። እግሩ ተሰብሮ ሐኪም ቤት በሄደ ልጅ ማን ይስቃል? ደግሞ የአእምሮ ጤና ማለት በሽታ ብቻ አይደለም። ማዘን፣ መፍራት፣ መናፈቅ፣ መተኛት፣ ከሰው ጋር መጫወት ሁሉም በውስጡ አሉ።

ትንሽ ልጅ «ጨንቆኛል» ማለት አይችልም። «ሆዴን አመመኝ» ነው የሚለው። ይህ ውሸት አይደለም። ስንፈራ ወይም ስንጨነቅ አእምሯችን ለልብና ለሆድ መልእክት ይልካል። ልብ ይመታል፣ ሆድም የእውነት ይታመማል። አንዳንዱ ሕፃን አልጋው ላይ መሽናት ይጀምራል፣ አንዳንዱ በትንሽ ነገር ይደባደባል፣ አንዳንዱ እናቱን አለቅም ይላል።

በእኛ ሰፈር ደግሞ ምክንያት አለ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲፈርስ ብዙ ቤተሰብ ወደ ሩቅ ሰፈር ሄዷል። አብረውን ይጫወቱ የነበሩ ልጆችም ሄደዋል። ትልልቆቹ ስለ ቤትና ስለ ዕቃ ሲያወሩ ሕፃናቱን ማንም «እናንተስ?» አላላቸውም።

ልጅን ስለ ራሱ ብትጠይቁት አንገቱን ይደፋል። ስለ ድመት ብትጠይቁት ግን ያወራል! አባባ ተስፋዬ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከ40 ዓመት በላይ ተረት ሲነግሩ ልጆች አፋቸውን ከፍተው ያዳመጡት ለዚህ ነው። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ላይም የምታስተምረን ቀጭኔ ናት። የፕሮግራሙ ፈጣሪ ብሩክታዊት ጥጋቡ መጀመሪያ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበረች። (ማታ ማታ «ጅቦ መጣ!» እያላችሁ ታናሾቻችሁን የምታስተኙ ግን ተዉ፤ ያ ተረት ሳይሆን ማስፈራራት ነው።)

ክበባችን ለአንደኛ ክፍሎች በረፍት ሰዓት የነገራቸው ተረት ይኸውላችሁ።

ተረት ተረት! ውሮ የምትባል ድመትና ቡቺ የሚባል ቡችላ በአንድ ግቢ ይኖሩ ነበር። አንድ ቀን የነቡቺ ቤት ፈረሰ። ዕቃቸው በአይሱዙ ተጫነና ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ውሮ ወተት ሲሰጧት ትታው ትሄዳለች። ፍርስራሹ ላይ ቁጭ ብላ መንገድ መንገዱን ታያለች። የጎረቤት ድመት «እንጫወት» ብትላት ቧጨረቻት።

እዚህ ላይ ቁሙ። መልሱን አትንገሩ። «ውሮ ምን ሆና ነው? የቱ ጋ ነው የሚያማት? ለማን ብትነግር ይሻላታል?» ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ። ዝም ማለቱ ነው የሚከብደው። እኛ ስንጠይቅ አንዷ ሕፃን «ቡቺም እዚያ ማዶ እያለቀሰ ነው» አለች። ቆይታ ደግሞ «እኔም ሆዴን ያመኛል» አለችን። እንዲህ ሲሏችሁ «ትልቅ ልጅ አያለቅስም» አትበሉ። «ናፍቆሽ ነው አይደል?» ብትሏት ይበቃል።

ብዙ ጊዜ ሐዘኑ ቀስ እያለ ይቀንሳል። ልጁ ከሁለት ሳምንት በላይ በደንብ ካልበላ፣ ካልተኛ፣ መጫወትም ከጠላ ግን ለወላጁና ለክፍል ኃላፊው ንገሩ። ራሱን መጉዳት እንደሚፈልግ ከተናገረ ደግሞ አንድ ቀን እንኳን አትጠብቁ፣ ምስጢር ነው ቢላችሁም ያኔውኑ ለትልቅ ሰው ንገሩ። ይሄ ለእኛ ለትልልቆቹም ነው። ትምህርት ቤት የማይሆን ከሆነ ጤና ጣቢያ አለ፤ እዚያ አይተው ወደ ሆስፒታል ይልካሉ።

የውሮን ተረት መጨረሻ እኛ አልጻፍነውም፣ ለአንደኛ ክፍሎቹ ተውንላቸው። አንዱ ልጅ ውሮን አንበሳ አውቶቡስ ላይ አሳፍሮ ቡቺ ጋ ወሰዳት። ሌላዋ «አይሆንም፣ ድመት ትኬት የላትም፤ ቡቺ ስልክ ይደውልላት» አለች። እናንተም ታናሾቻችሁ የጨረሱትን በወረቀት ጽፋችሁ አምጡልን፣ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። የውሮን ሥዕል መሳል የሚችልም ካለ ለክበቡ ጸሐፊ ይስጥ።