የዓባይ ደለልና የጠፋው የባሕር ዳር መሬት

በዚህ የጥናት ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም ባሕር የወሰደውን መሬት ታሪክ እንዴት መልሶ ማወቅ ይቻላል? የሚል ነው። ለምሳሌ የመረጥነው የግብፅን የሜዲትራንያን ጠረፍ ነው። የመረጥንበትም ምክንያት የዚህ ጠረፍ አፈር በአብዛኛው ከኛው ደጋ የወረደ በመሆኑ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. ጠረፉ እንዴት ተሠራ?

ከበረዶው ዘመን ማብቂያ ጀምሮ የባሕሩ ከፍታ ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲጨምር ቆይቶ፥ ከዛሬ 8,000 እስከ 6,500 ዓመት ገደማ በፊት ፍጥነቱ ቀነሰ። ከዚያ ወዲህ ወንዙ የሚያመጣው ደለል ባሕሩ ከሚወስደው ስለ በለጠ ዴልታው እየሰፋ ሄደ። ደለሉን በብዛት የሚያመጡት ዓባይና ተከዜ የሚገባበት አትባራ ናቸው። ነጭ ዓባይ የተሸከመውን አፈር በደቡብ ሱዳን ረግረግ ስለሚያራግፍ ድርሻው እጅግ አነስተኛ ነው። «ዓባይ ማደሪያ የለው፥ ግንድ ይዞ ይዞራል» እንላለን። ግንዱን ትተን አፈሩን ብንከተል ግን ማደሪያው ይህ ጠረፍ ነበር።

2. ምስክሮቹ

የጠፋ መሬት ራሱ አይናገርም። ስለዚህ ልዩ ልዩ ምስክሮችን አቅርቦ አንዱን በሌላው መፈተን ያስፈልጋል።

ሀ/ ጽሑፍ፦ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የነበረው ሄሮዶቱስ የግብፅ ጥቁር አፈር ወንዙ ከኢትዮጵያ ያመጣው ጭቃ መሆኑን ጽፏል። እርሱም ሆነ ከእርሱ 400 ዓመት ያህል ቆይቶ የጻፈው ስትራቦ የወንዙን አፎች ሰባት አድርገው ይቆጥራሉ። ዛሬ ያሉት ግን ራሺድና ዱምያት ብቻ ናቸው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ በጥንት ግሪኮች አነጋገር «ኢትዮጵያ» ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን አገር ሁሉ የሚያጠቃልል ስለ ነበር፥ የሄሮዶቱስ ቃል ብቻውን ደለሉ ከኛ ደጋ መምጣቱን አያረጋግጥም።

ለ/ ደለሉ ራሱ፦ ማረጋገጫው የሚወጣው ከመሬት ውስጥ ነው። ተመራማሪዎች በሰሜናዊው ዴልታ ብዙ ጉድጓዶች ሰርስረው የአፈሩን ንብርብር እንዳለ አውጥተው መርምረዋል። የባሕር ዛጎል ያለበት አሸዋ የጥንት ባሕር ዳር ምልክት ሲሆን፥ የበሰበሰ ተክል ያለበት ጥቁር ጭቃ የረግረግ ምልክት ነው። ዕድሜው በራዲዮካርቦን ይለካል። ማዕድኑ ደግሞ የመጣበትን አገር ይናገራል። ደጋችን በሰፊው በባዛልት፥ ማለት በእሳተ ገሞራ ድንጋይ፥ የተሸፈነ ስለሆነ፥ በባዛልት ውስጥ የሚገኘው ፓይሮክሲን የተባለው ማዕድን በደለሉ ውስጥ መብዛቱ ምንጩን ያስረዳል። የሄሮዶቱስ ቃል በዚህ መንገድ ተፈትኖ ጸና።

ሐ/ የባሕሩ ወለል፦ ጥንታውያን ጸሐፊዎች ቶኒስና ሄራክሌዮን የተባሉ ወደቦችን ያነሣሉ። በ2000 ፍራንክ ጎዲዮ የሚመራው ቡድን በአቡ ቂር ባሕረ ሰላጤ፥ ከዛሬው ጠረፍ 6.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፥ በ10 ሜትር ያህል ጥልቀት የሄራክሌዮንን ፍርስራሽ አገኘ። ከዚያ የወጣው የፈርዖን ነክታኔቦ ቀዳማዊ የድንጋይ ጽላት ሁለቱ ስሞች የአንዲት ከተማ መሆናቸውን አስረዳ። ከተማዪቱ የሰጠመችው የባሕሩ ከፍታ በመጨመሩ ብቻ አልነበረም። ውሃ የጠጣው ጭቃ በከባድ ሕንፃ ሥር፥ ይልቁንም በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ፥ ጸንቶ መቆም አይችልም።

መ/ ካርታ፦ ከናፖሌዎን ጋር በ1798 የመጡት የፈረንሳይ መሐንዲሶች ያነሡት ካርታ ከኋለኞቹ ካርታዎች፥ ከአውሮፕላን ፎቶግራፎችና ከ1972 ወዲህ ከተነሡት የሳተላይት ሥዕሎች ጋር ሲነጻጸር አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። በራሺድ አፍ ወደ ባሕር የሾለው መሬት እስከ 1900 ገደማ ወደ ፊት ሲገፋ ቆይቶ፥ ከዚያ በኋላ ማፈግፈግ ጀምሯል።

3. ሒደቱ ለምን ተገለበጠ?

ቀድሞ በዓመት በአማካይ ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ደለል ወደ ግብፅ ይወርድ ነበር። በዴልታው ራስ የተሠሩት የውሃ መከተሪያዎችና በ1902 የተፈጸመው የመጀመሪያው የአስዋን ግድብ ከዚህ ከፊሉን አስቀሩ። በ1964 የከፍተኛው ግድብ ሐይቅ መሞላት ሲጀምር ደግሞ ደለሉ ከሞላ ጎደል በሙሉ እዚያው ቀረ። ማዕበሉ መውሰዱን አላቆመም፤ የሚተካው አፈር ግን የለም። በዚህም የተነሣ የራሺድ ጠረፍ በድንጋይ ግንብ እስኪከለል ድረስ በአንዳንድ ቦታ በዓመት እስከ 100 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሸሽቷል።

እንግዲህ የጠረፉ መሸርሸር የጀመረው ከመቶ ዓመት በፊት መሆኑ ግልጽ ነው። ስለሆነም በ2020 ውሃ መያዝ የጀመረውና በ2025 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ የዚህ መነሻ ሊሆን አይችልም። በምንማርበት አገር ይህ ጥያቄ ሲነሣ ከስሜት ይልቅ በዓመተ ምሕረትና በማስረጃ መመለስ ይገባናል።

4. ከዚህ የምንማረው

የዴልታው አፈር መነሻው የሰሜንና የምዕራብ ደጋችን ተዳፋት ነው። መሸርሸሩ ጥንት የተፈጥሮ ሥራ ቢሆንም፥ ደኑ ሲመነጠርና ተዳፋቱ ሲታረስ ተባብሷል። በሱዳን በ1966 የተፈጸመው የሮሰይረስ ግድብ ውሃ የመያዝ አቅሙን ብዙ ክፍል በዚሁ ደለል አጥቷል። ዛሬ ደለሉን ቀድሞ የሚቀበለው የኛው ግድብ ነው። እርከን ያልተሠራለት ማሳ አፈሩን ከገበሬው ይነጥቃል፤ የግድቡንም ዕድሜ ያሳጥራል። ባሕር ዳር ያለው ሕዝብ የደለሉ መቅረት ሲጎዳው፥ ደገኛው የሚጎዳው በአፈሩ መሄድ ነው። የሁለቱም ታሪክ በአንድ ወንዝ የተያያዘ ስለሆነ አብሮ መጠናት አለበት።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የጽሑፍ ምስክርነት ያለ ደለል ምርመራ ምን ሊያሳስት ይችላል?
2. ካርታዎችን ስናነጻጽር ማን፥ መቼና ለምን ዓላማ እንዳነሣቸው መጠየቅ ለምን ያስፈልጋል?
3. እያንዳንዳችን በምንማረው ሙያ ለደጋው አፈር ጥበቃ ምን ማበርከት እንችላለን?