የአልጣሽ አንበሳ

ልጆች ሆይ፤ የአየር ጤና ልጅ አንበሳ አየሁ ቢል ያየው በአጥር ውስጥ ነው። የዱሩ አንበሳ ቀን በጥላ ሥር ይተኛል፤ ሲመሽ ያድናል፤ ስለዚህ እርሱን የሚያይ ጥቂት ነው።

አፄ ቴዎድሮስ በተወለዱበት በቋራ፥ በሱዳን ጠረፍ፥ አልጣሽ የሚባል ፓርክ አለ። በ2008 ዓ.ም. ሐንስ ባወር የተባለ የአንበሳ ጠባይ መርማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ወደዚያ ሄደ። አንበሳውን አላሳደዱትም፤ ካሜራ አኑረው ጠበቁት እንጂ። እንዲህ ያለው ካሜራ በዛፍ ግንድ ይታሰራል፤ ትኩስ ገላ ያለው ፍጥረት በፊቱ ሲያልፍ ሰው ሳይነካው ፎቶግራፍ ያነሣል። ሚዳቋም ብታልፍ ያነሣል፤ መርማሪው ሁሉን አንድ በአንድ መመልከት አለበት፤ ይህም ትዕግሥት የሌለው ሰው ሥራ አይደለም።

አንበሳው በካሜራ ታየ፤ ዱካውም ተገኘ። ባወር ቀድሞ ከካርታው ላይ አንበሳ የጠፋበትን ስፍራ ይሰርዝ ነበር፤ አልጣሽን ግን ጨመረበት።